የ38 ደቂቃው በረራና የእናቴ መንገድ፦ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ስላለ አንድ የትኬት ቢሮ

ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሃር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የአገር ውስጥና የውጭ በረራ ትኬት የሚቆርጥ ትንሽ ቢሮ አለ። ሁለት ጠረጴዛ፣ አራት ወንበርና የአንዱን ግድግዳ ግማሽ የሸፈነ የኢትዮጵያ ካርታ ነው ያለው። ጽሑፌ ማስታወቂያ እንዳይመስል ስሙን አልጠቅስም። ስለ ቢሮው እንድጽፍ ያነሳሳኝ፣ ከአንድ የክልል ከተማ ወደ ሌላ የክልል ከተማ በአውሮፕላን መሄድ ለሚፈልግ ሰው ርቀቱንና ሰዓቱን እንደ እውነቱ የሚነግር ቢሮ ከዚህ በፊት ገጥሞኝ ስለማያውቅ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ከስልኬ ልጀምር። በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀትና የበረራ ጊዜ የሚያሰሉ መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች ብዙ ናቸው። ባሕር ዳርና ጎንደርን ስታስገቡ፣ ቀጥታው ርቀት 102 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በረራው ደግሞ 38 ደቂቃ ያህል እንደሆነ ይነግሯችኋል። ርቀቱ ትክክል ነው። የሁለቱን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ወስዶ በምድር ክብ ገጽ ላይ አጭሩን መስመር መለካት ነው፤ የባሕር ዳሩ ማረፊያ በሰሜን ኬክሮስ 11.6 ዲግሪ፣ የጎንደሩ 12.5 ዲግሪ አካባቢ ስለሚገኙና አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ እርሳስና ወረቀት ያለው ሰው ሁሉ ሊያረጋግጠው ይችላል። የ38ቱ ደቂቃ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ ማስያዎች አንዳንዶቹ ማንኛውም የመንገደኞች አውሮፕላን በሰዓት 500 ማይል፣ ማለትም 805 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል ብለው ርቀቱን ካካፈሉ በኋላ፣ ለመነሣትና ለማረፍ 30 ደቂቃ ይደምሩበታል። 102 ኪሎ ሜትር በዚህ ፍጥነት ስምንት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ 30 ሲጨመርበት 38 ይሆናል። በዚያ ቀን፣ በዚያ መስመር የሚበር አውሮፕላን መኖር አለመኖሩን ስሌቱ ከነጭራሹ አይጠይቅም።

እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ጎንደር ይኖር የነበረው አጎቴ ዐረፈ። ለአርባው ተዝካር፣ ባሕር ዳር ከእኅቴ ጋር የምትኖረው እናቴ መሄድ ነበረባት። በመኪና ቢሆን ጣናን በምሥራቅ በኩል ዞሮ፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመንና በማክሰኚት አልፎ አዘዞ የሚያደርስ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የአስፋልት መንገድ አለ። ነገር ግን የጉልበቷ ሕመም ረጅም ሰዓት ስለማያስቀምጣት በአውሮፕላን ትሂድ ተባባልን። በስልኬ 38 ደቂቃ የሚለውን አይቼ ስለነበር፣ አሁን ወደምጽፍለት ሳይሆን ወደ ሌላ ቢሮ ሄጄ ለተዝካሩ ዕለት ከባሕር ዳር ጎንደር የጠዋት ትኬት ጠየቅሁ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወጣት ኮምፒውተሩን አየና «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚነሣ አለ» አለኝ። ከፈልኩ፤ ትኬቱን ፎቶ አንሥቼ ለእኅቴ ላክሁላት፤ ለጎንደር ዘመዶቻችንም «ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ትደርሳለች» ብዬ ደወልኩ።

በዕለቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። «ልጄ፣ አዲስ አበባ ደረስን አሉን እኮ» አለችኝ።

ትኬቱ ሁለት በረራ የያዘ ነበር። የመጀመሪያው ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር፤ በመካከሉ አምስት ሰዓት። ይህ ሁሉ በትኬቱ ላይ በእንግሊዝኛ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ስለነበር ሳላነብ መክፈሌ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይሁን እንጂ ባሕር ዳርና ጎንደር ብሎ ለጠየቀ ሰው «በአዲስ አበባ በኩል ነው» የሚል አንድ ቃል መናገር የሻጩ ሥራ ነበር። ከሥራ ተነሥቼ ቦሌ ደረስኩ፤ እሷ ከፍተሻው ወዲያ፣ እኔ ከበሩ ወዲህ ሆነን በስልክ ከመነጋገር በቀር የምረዳት ነገር አልነበረም። የነቢያት ጾም ስለነበር ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። ከቤቷ የወጣችው ከንጋቱ 11፡30 ላይ ነው፤ የጎንደሩ በረራ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሥቶ ወደ 9፡15 ገደማ አረፈ፤ አጎቴ ቤት ስትደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። ጸሎተ ፍትሐቱ ካበቃ ቆይቶ ነበር። ለ102 ኪሎ ሜትር አሥር ሰዓት ተኩል ፈጀባት። ስልኬ ስለዚያ የነገረኝ 38 ደቂቃ ነበር። ወንድሟን በደንብ ሳትሰናበት በመቅረቷ ዛሬም ድረስ ነገሩ ሲነሣ ትክዛለች።

በዚህ ዓመት ሙት ዓመቱ ሲደርስ ይኸው ጉዞ መጣ። የሥራ ባልደረባዬ ወደዚህኛው ቢሮ መራኝ። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወረፋ ጠብቄ ከአንዲት በአርባዎቹ ዕድሜ ከምትገመት ሴት ፊት ተቀመጥኩ። ከየት ወዴት እንደሆነ ስነግራት ወደ ኮምፒውተሩ አልዞረችም። «እናትዎ ከቤት መውጣት የሚችሉት ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው? ጎንደርስ የሚቀበላቸው ሰው አለ?» አለችኝ። ጉልበቷን እንደሚያማት፣ ባለፈው ዓመትም የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አቋርጣ አልተናገረችም፤ ስጨርስ «ይቅርታ፣ እማማን አንገላተዋቸዋል» አለችና ተነሥታ ወደ ካርታው ወሰደችኝ።

ከካርታው ጎን በምስማር የተንጠለጠለ፣ በካርታው ልክ በየ100 ኪሎ ሜትሩ ቋጠሮ ያለው ቀይ ክር አለ። አንዱን ጫፍ ባሕር ዳር ላይ በአውራ ጣቷ ይዛ ክሩን ወደ ጎንደር ወጠረችው። ከአንድ ቋጠሮ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ክሩ የጣናን ሰማያዊ ቀለም በቁመቱ ሰንጥቆት አለፈ፤ የመኪናው መንገድ በሐይቁ ዳር ዞሮ የሚረዝመው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ያለ ማብራሪያ ገባኝ። ከዚያ ያንኑ ክር ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ መልሳ ወደ ጎንደር አደረገችው። ሦስት ቋጠሮ ከትንሽ፣ ከዚያ ደግሞ አራት ከትንሽ፤ ባንድ ላይ ሰባት ተኩል ያህል። «ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን እናትዎ የሚጓዙት ይሄን ነው» አለች። ባለፈው ዓመት እናቴ በአየር ላይ ወደ 750 ኪሎ ሜትር መጓዟን የተረዳሁት እዚያ ካርታ ፊት ቆሜ ነው።

ስለ ሰዓቱ የሰጠችኝ ማብራሪያም ለሌላ ተጓዥ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን በዝርዝር ልጻፈው። በአገር ውስጥ መስመሮች በብዛት የምናገኘው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2002 ዓ.ም. ማስገባት የጀመረው ባለ ሁለት ሞተር፣ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። ይህ አውሮፕላን በሰዓት እስከ 667 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይችላል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አካፍሎ ለሚያይ ሰው ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። በፕሮግራሙ ላይ የሚጻፈው ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ለጎንደሩ 420 ኪሎ ሜትር ደግሞ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ። ልዩነቱ የሚመጣው የፕሮግራሙ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ጀምሮ በመድረሻው ማቆሚያ ላይ እስኪቆም ድረስ በመሆኑ ነው። ወደ ማኮብኮቢያው ቀስ ብሎ መሄድ አለ፤ ቦሌ ላይ ከፊት ያሉት እስኪነሡ ተራ መጠበቅ አለ፤ ወደ ላይ ሲወጣም ሆነ ለማረፍ ዝቅ ሲል በሙሉ ፍጥነቱ አይበርም፤ ማኮብኮቢያው ከሚመጣበት አቅጣጫ ጋር ካልገጠመም ዞሮ መስተካከል ይኖርበታል። እነዚህ ደቂቃዎች መንገዱ 100 ኪሎ ሜትርም ይሁን 400 ብዙ አይለያዩም። ስለዚህ ርቀቱ በግማሽ ቢያጥር ሰዓቱ በግማሽ አያጥርም፤ አጭሩ መስመር ከርቀቱ አንጻር ሲታይ ሁልጊዜ ቀርፋፋ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የምድሩ ሰዓት ይጨመራል። ሴትዮዋ በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ከላይ ወደ ታች ጻፈችልኝ፤ ከቤት መውጫ፣ ማረፊያው መድረሻ፣ የመነሻ ሰዓት፣ የማረፊያ ሰዓት፣ ሻንጣ ተቀብሎ መውጫ፣ ቤት መድረሻ። «የበረራ ጊዜ» የሚል መስመር በወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ከመነሻውና ከማረፊያው ሰዓት ራስዎ ያሰሉታል። ይህን ወረቀት ለሚጠይቃት ደንበኛ ሁሉ እንደምትጽፍ ከእኔ በፊት ለነበሩት ሽማግሌ ስትሰጥም አይቻለሁ። ከቢሮው አገልግሎት ሁሉ አብልጬ የወደድኩት እሱን ነው። ማተሚያ እያለ በእጅ መጻፉ መጀመሪያ አላስደሰተኝም ነበር፤ በኋላ ግን የእያንዳንዱ ሰው ቤት ከማረፊያው የሚርቀው በተለያየ መጠን ስለሆነ ሌላ መንገድ እንደሌለው ገባኝ።

ከዚያ ሦስት ምርጫ አቀረበችልኝ። መጀመሪያ ያነሣችው ለራሷ ቢሮ አንድ ብር እንኳ የማያስገባውን የመኪናውን መንገድ ነው፤ እናቴ አዲስ ዘመን ላይ ወርዳ እግሯን አፍታታ ከሄደች ግማሽ ቀን የማይሞላ ጉዞ እንደሆነ ነገረችኝና «የመንገዱን ሰላም ግን በዕለቱ ከእኅትዎ ያረጋግጡ» አለች። ሁለተኛው ያው ያለፈው ዓመት ዓይነት የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ ይህንን እንደማትመክር በግልጽ ነገረችኝ። ሦስተኛው እኔ ያላሰብኩት ነበር። እናቴ ከባሕር ዳር ኅዳር 11 ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ትመጣለች፤ እኔ ቤት ታድራለች፤ በማግሥቱ በኅዳር ሚካኤል ዕለት በጠዋቱ በረራ ጎንደር ትገባለች፤ ሙት ዓመቱ ደግሞ በ13 ነው። የምትበረው መስመር ያው ነው። ባለፈው ዓመት በብረት ወንበር ላይ ያሳለፈችው የመጠበቂያ ጊዜ ግን እኔ ቤት የምታድርበት ሌሊት ሆነ። የዋጋውን ልዩነት እኔ ሳልጠይቅ ከወረቀቱ ግርጌ ጻፈችልኝ።

ሌላው ጥንቃቄ የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ነው። ትኬት የሚታተመው በ24 ሰዓትና በፈረንጆች ቀን ነው። የማውቀው አንድ ሰው 07:20 የሚለውን ከቀኑ 7፡20 ነው ብሎ፣ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ አራት ሰዓት አልፎት ነበር። ይህቺ ሴት ከታተመው 07:20 ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ከጠዋቱ 1፡20»፣ ከኖቬምበር 21 ጎን ደግሞ «ኅዳር 12፣ ሚካኤል» ብላ ጻፈች። እናቴ ወረቀቱን በመነጽሯ አንብባ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ቀኗንና ሰዓቷን አወቀች። ተሽከርካሪ ወንበርም ያለ ተጨማሪ ክፍያ አብራ አስመዘገበችላት፤ ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ እንደሚቻል እንኳ የነገረኝ አልነበረም።

ጉዞው እንደ ወረቀቱ ሆነ። እናቴ በ11 መጣች፤ ማታ ቡና አፈላንላት፤ ሌሊት 10፡45 ላይ ከቤት ወጥተን ባዶ በነበረው መንገድ ቦሌ ደረስን። ከመሀል ከተማ ቦሌ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ማታ በሥራ መውጫ ሰዓት ግን እኔ ራሴ ይህን ርቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ሄጄበት አውቃለሁ። ስለዚህ የጠዋቱን በረራ መምረጧ ትክክል ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሆን እናቴ ከአዘዞ ደወለች፤ የአጎቴ ልጅ ተቀብሏት ወደ ከተማ እየገቡ ነበር። ወረቀቱ «ቤት መድረሻ 3፡30» ይላል፤ ቤት የገባችው 3፡20 ላይ ነው።

በቆየሁባቸው ጊዜያት ስለ ሌሎች መስመሮችም ጠይቄያታለሁ፤ ክሩ ለሁሉም ይሠራል። ከጎንደር ላሊበላ በቀጥታ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በመኪና በጋሸና በኩል ዞሮ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከድሬ ዳዋ ጅግጅጋ በቀጥታ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሥልጠና ከጅማ አርባ ምንጭ መሄድ ለነበረበት ባልደረባዬ ደግሞ ክሩ ሁለት ቋጠሮ ብቻ አሳየው፤ እሷ ግን ፕሮግራሙን ከፍታ የምታገኘው በአዲስ አበባ በኩል መሆኑን ነግራ፣ ጠቅላላ ሰዓቱን ጽፋ ሰጠችው። በሁለት የክልል ከተሞች መካከል ያሉ በረራዎች እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጡ፣ ባለፈው ሳምንት የነገረችውን ዛሬ ሳታረጋግጥ አትደግመውም። ይህ ልማዷ ወረፋውን ያረዝመዋል። እኔ ግን ቆሜ መጠበቅ እመርጣለሁ።

ጉድለቶቹን አለመጥቀስ ተገቢ አይሆንም። ስልክ ሲደወል አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣ የለም፤ ሦስት ቀን ሞክሬ አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቻቸዋለሁ። ሕንፃው ሊፍት የለውም፤ ደረጃውም የተጎዳና ጨለም ያለ ነው፤ እንደ እናቴ ያለ ሰው ራሱ መጥቶ ማስቆረጥ አይችልም፤ ይህ ለተሽከርካሪ ወንበር እንኳ የሚያስብ ቢሮ በቶሎ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው። የአገልግሎት ክፍያውን በቃል ይነግራሉ እንጂ በደረሰኙ ላይ ከትኬቱ ዋጋ ለይተው አይጽፉም፤ ዋጋው የተወደደ ሆኖ ሳይሆን፣ እናቴን የሚመለከተውን ሰዓት በደቂቃ የሚጽፍ ቢሮ የራሱን ብርም እንዲሁ ቢጽፍ ደስ ይለኛል። የመምጫው በረራ በ40 ደቂቃ በተገፋ ጊዜም የአየር መንገዱ መልእክት የደረሰኝ ጠዋት ሲሆን፣ የቢሮው ሰዎች የደወሉልኝ ማታ ነው። ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በኋላ ዝግ ናቸው።

ለመሄድ የምታስቡ ሰዎች የተጓዡን ስም በመታወቂያው ላይ በላቲን ፊደል እንደተጻፈው አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ማስተካከያው ሌላ ወረፋ ነው። የተጓዡ ቤት ከማረፊያው ምን ያህል እንደሚርቅና ማን እንደሚቀበለውም አስቀድማችሁ እወቁ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ወረፋው አጭር ነው።